ለእማ የተነበበው ምዕራፍ

ጋዜጣ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ልጅ ሳሉ ቤት ውስጥ የዋለውን ወሬ ሁሉ፣ ብርጭቆ ማን እንደ ሰበረ፣ ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ማን እንዳለቀሰ፣ እናታቸው ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ጠብቃ ስለምትዘረግፍ፣ «ጋዜጣችን ወጣች» እያለ ይቀልድባት ነበር። ስሙ አብሯት አደገ። ትልቅ ሰው ሆና፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ የሰው ማመልከቻ ስትተይብ ስትውል እንኳ አልለቀቃትም። ኋላ የመጀመሪያዋ ልብ ወለድ ታትማ ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ «ጋዜጣ መጽሐፍ ወለደች» ብሎ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። በዚያች ቀልድ ከሁሉ አብልጦ ይስቅ የነበረው ሰው ግን አልነበረም።

ወንድሟ የስፌት መኪና ይጠግን ነበር። ከቤቱ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ እዚያ ተቀምጦ፣ ብሎን ከንፈሩ መሃል ይዞ፣ የሰው መኪና ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። ሠርቶ ሲጨርስ ፔዳሉን እየረገጠ ይሞክረዋል። እናታቸው ዕድሜዋን ልብስ ስትሰፋ የኖረች ናት። ስኳር ዓይኗን ከወሰደባት በኋላ ከወንበሯ ሳትነሣ በግድግዳው በኩል ታዳምጥና፣ «ያ መኪና ገና ነው፤ መርፌው ይነካል» ትለዋለች። እሱም «እሺ አለቃ» ይልና እንደገና ይፈታዋል። መካኒኩ ነበር የምትለው። መንጋቱን የምታውቀው በዚያ ድምፅ ነው።

አንድ ጠዋት ድምፁ ቀረ።

በሩን ገፍተው የገቡት ጋዜጣና አጎቷ ናቸው፤ የእናቷ ታላቅ ወንድም። ልጁ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጥፍቶ አገኙት። አጎቷ በሩን መልሶ ዘጋው፤ ክንዷን ጨምድዶ ያዘና «ልቡ ነው» አላት። «ልቡ ቀጥ ብሎበት ነው። እናትሽ ሌላ ነገር ከሰማች ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው።» ጋዜጣም፣ ዕድሜዋን ሙሉ የቤቱን ወሬ ስታወጣ የኖረችው፣ ራሷን ነቀነቀች። ልቡ ነው ተባለ። ለጎረቤት ልቡ ነው፣ ለሩቅ ዘመድ ልቡ ነው፣ ለእናትም ልቡ ነው። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፤ የሷ ሆድ ግን ያንን ጠዋት ችሎ አልያዘውም።

መጻፍ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ማንም አላስተማራትም። ደንበኛ ሲሳሳ፣ ማሽኑ ባበላሸው ወረቀት ጀርባ ላይ አንድ አንቀጽ ትጽፋለች፤ ሰው ሲመጣ ትገለብጠዋለች። ወንድሟን ሰዓት ሠሪ አደረገችው። ከተማውን ለወጠች፣ እህቱን ከታሪኩ አስወጣች፣ ቤቱ ላይ ፎቅ ጨመረችበት። እንዲህ ካደረግኩ ማንም አያውቀውም ብላ ራሷን አሳመነች። የለወጠችው ግን እጁ ላይ ያለውን ሥራ እንጂ እጁን አልነበረም። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ሰዓት ሠሪው ወደ ክፍሉ ይገባል፤ በሩ አይከፈትም። ከዚያ ወዲያ ያሉት ምዕራፎች የለቅሶ ናቸው።

መጽሐፉ በወጣ ሰሞን እናቷ፣ ሰው ሁሉ ያነበበውን እኔ የወለድኳት ልቅር ወይ ብላ አኮረፈች። አንብቢልኝ አለች። ምን ይደረግ? ጋዜጣ ከሥራ ስትመለስ፣ ፀሐይ መስኮቱን ሳትለቅ፣ ከእናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ማንበብ ጀመረች። እናቷ የአዝራር ጣሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳውን ከባለ አራቱ በጣቶቿ እየለየች ታዳምጣለች። ትስቃለች፣ ትተቻለች፣ ሰዓት ሠሪው ብሎን ከንፈሩ ላይ ሲይዝ «ይሄ ሰውዬ የኔን መካኒክ አይመስልም?» ትላለች። ጋዜጣም ባለሙያ ሁሉ ይመሳሰላል እያለች ታልፈዋለች።

ዘጠነኛው ምዕራፍ መድረሱ አልቀረም። መጽሐፉን ገለጠች፤ የመጀመሪያውን መስመር አየችው፤ አላነበበችውም። እናቷ ምነው ብላ አንገቷን አቀናች። ያኔ የጋዜጣ አፍ ብቻውን ሄደ። ሰዓት ሠሪው ወደ ክፍሉ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ እስኪነጋ ተቀመጠ አለች። ሲነጋ አንዱን ሰዓት ሞላው፤ ቀጥሎ ሌላውን፤ ክፍሉ በሰዓት ድምፅ እስኪሞላ ሁሉንም ሞላቸው፤ እናቱም ከወንበሯ ሰማችው፤ በሩን ከፍቶ ወጣና «ቁርስ የለም እንዴ?» አለ። ይህ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ የለም። አዝራሮቹ ዝም ብለው ነበር። እናቷ በረጅሙ ተነፈሰችና «ጎሽ» አለች። «ጎሽ፤ እንዲህ ነው እንጂ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰዓት ሠሪው ከዳነ፣ የተረፉት የለቅሶ ምዕራፎች እንዴት ይነበባሉ? በማግሥቱ የሚሠራውን ሥራ ፈጠረችለት። በሌላው ቀን ከአንድ ነጭናጫ ደንበኛ ጋር አጣላችው። ሱቁን አስፋችለት፣ ጺሙን አስረዘመችለት፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ እንድታየው አደረገች። እናቷ ግማሽ ቀልድ ግማሽ ቁም ነገር፣ ቀጭን መጽሐፍ ነው ስትዪኝ አልነበር እንዴ፣ ይሄ እንደ ቢሮ ጉዳይ ነገ ነገ እየተባለ የማያልቅ ምንድን ነው ትላት ጀመር። ጋዜጣ ቀን የሰው ማመልከቻ ትተይባለች፣ ሲመሽ ወንድሟን ታኖራለች። የምታቆምበት ጠፋት። ብታቆም ትገድለዋለች።

አጎቷ መጽሐፉን አንብቦ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ መጣ። ደንበኛው እስኪወጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ የቤትሽን ገመና አደባባይ አሰጣሽው አላት። ሰዓት ሠሪ ነው እኮ ጋሼ ብትለው፣ «ሰዓት ሠሪ» አለ፣ «ብሎን ከንፈሩ ላይ የሚይዝ ሰዓት ሠሪ!» ክፉ ሰው አይደለም። እህቱን ይወዳል። ያን ጠዋት የዘጋውን በር እስካሁን በጀርባው ደግፎ የቆመ ሰው ነው። ከዚያም የመጣበትን ተናገረ፦ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት በመጽሐፉ ላይ ለውይይት እንደጠራት ሰምቷል፤ ከየት አመጣሽው ሲሏት ሁሉም ምናብ ነው ትበል፤ እናቷም ከቤት እንዳትወጣ።

የመጀመሪያውን እሺ አለች። ሁለተኛው የሷ ሥልጣን አልነበረም። በቀጠሮው ቀን እናቷን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ፣ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሙቀት አለ ብትላት፣ ደረጃው ብዙ ነው ብትላት፣ የሚያስቆማት አልተገኘም። የልጄን ክብር ሰው እንዲያወራልኝ ልጠብቅ ወይ አለች። አጎቷም አብሯቸው ሄደ። የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ፣ እናቷ ትንፋሽ ልትወስድ ስትቆም፣ ጋዜጣ አጎቷን ወደ ጎን ስባ ለእናቷ ምን ስታነብ እንደ ከረመች በሹክሹክታ ነገረችው። አጎቷ ግድግዳውን ተደገፈ። ከድጡ ወደ ማጡ አለ። «እንግዲያው ከመጽሐፉ አንዲት መስመር እንዳታነቢ» አላት። «ንግግር ብቻ።»

አዳራሹ አዳራሽ ይባል እንጂ ረጅም ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቶቹ ቀለም ሲቀቡ አብረው ተጣብቀው ቀርተዋል። ወንበሮቹ እስከ በሩ ተደርድረዋል፤ በሩ ደግሞ ከታዳሚው ኋላ ነው፤ ከመድረኩ ተነሥቶ ለመውጣት የሁሉንም ጉልበት እያሻሹ ማለፍ ያስፈልጋል። ጋዜጣ ይህን ያየችው ከተቀመጠች በኋላ ነበር። እናቷ የፊት ረድፍ ላይ፣ አጎቷ አጠገቧ፣ እጁን ወንበሯ መደገፊያ ላይ ዘርግቶ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት፣ ደራሲዋን አመስግና መጀመሪያ የሚጠየቀውን ጠየቀች፦ ለዚህ መጽሐፍ ያነሣሣሽ ምንድን ነው? ጋዜጣ ምናብ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ወንድሟን አንዴ ልቡ ነው ብላ ቀብራዋለች፤ አሁን ደግሞ ከነጭራሹ አልነበረም ልትል ነው። «ድምፅ ነው» አለች በመጨረሻ። «ቤት ውስጥ የለመድነው ድምፅ ይኖራል። ሳለ አንሰማውም። ሲቀር ነው የሚሰማው።» አጎቷ ጉሮሮውን ጠረገ። የእናቷ ፊት ወደ ልጇ ድምፅ ዞሮ ነበር።

ከዚያ ጥያቄው ዘነበ። ደግነቱ ሰው ሁሉ ነገሩን በስሙ አይጠራውም። «ያ ነገር» ይላሉ፣ «ዘጠነኛው ላይ የሆነው» ይላሉ፣ አንዱ ደግሞ «ሁኔታው» ብሎ አለፈው። ጋዜጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውን ይሉኝታ መረቀች። እንዲህ አከራካሪ ነገር ለምን መረጥሽ ሲሏት፣ መርጬ አይደለም አለች። እንዲህ ያለው ነገር በየቤቱ አያከራክርም፣ ምክንያቱም በየቤቱ ዝም ይባላል፤ የሚያከራክረው ከቤት የወጣ ቀን ነው አለች። አንዳንዶች አጨበጨቡ። እሷ ግን እየተናገረች ጆሮዋ እናቷ ጋ ነበር።

መሃል ላይ አንድ ሸምገል ያሉ፣ ካፖርታቸውን በዚያ ሙቀት እንኳ ያላወለቁ ጡረተኛ መምህር ተነሡ። በትሕትና ጀመሩ። ልጆች ያነባሉ፣ የተሰበረ ልብ ያለው ያነባል፣ ጸሐፊ ኃላፊነት አለበት አሉ። ከዚያ፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ፣ «ልጄ፣ ብዕሩ ያንቺ ነው» አሏት። «ማን ከለከለሽ? ለምን አላዳንሽውም?»

ከአዳራሹ ሁሉ ይህን ጥያቄ ጠይቃ የማታውቀው የጋዜጣ እናት ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል፤ እሷ ዘንድ ሰዓት ሠሪው ድኗል፣ ጺም አሳድጓል፣ ፀጉር ሠሪዋን ሊያገባ ነው። አሁን ግን «አላዳንሽውም» የሚለው ቃል በፊቷ ተነግሯል። የአጎቷ እጅ ከወንበሩ መደገፊያ ወደ እህቱ ትከሻ ወረደ። እናቷ አልተንቀሳቀሰችም።

ጋዜጣ መልስ ሳትሰጥ፣ ከበሩ አጠገብ አንዲት ወጣት ሴት እጇን አወጣች። የምትናገረው ወለሉን እያየች ነው። እህት ነበረችኝ አለች። እቤታችን በሽታ ነው እንላለን አለች። ዘጠነኛውን ምዕራፍ ብቻዋን ደጋግማ አንብባዋለች፤ ግን በሰው ድምፅ ሰምታው አታውቅም፤ ጥያቄ የላትም፤ ብቻ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብታነብላት። «አንዴ ጮክ ተብሎ ሲባል ልስማው» አለች።

ሰው ሁሉ መጽሐፉን ገለጠ። በዚያ ጠባብ ክፍል የወረቀቱ ድምፅ እንደ ዝናብ ጀማሬ ተሰማ። ጋዜጣ አጠገቧ ያለውን ቅጂ አነሣች። ለእናቷ ያለችውን እንዳትል የሰው ሁሉ ጣት መስመሩ ላይ ነው። የተጻፈውን እንዳታነብ እናቷ እዚህ ናት። እንዳትወጣ በሩ እዚያ ነው። አጎቷ ብድግ ብሎ ሰዓቱ ሄዷል፣ እህቴም ደክሟታል አለ። ኃላፊዋ ገና ጊዜ አለን አለችው። ያኔ ከፊት ረድፍ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ከፍ አላለም።

«አንብቢ እንጂ፣ ጋዜጣዬ።»

አነበበች። ሰዓት ሠሪው ወደ ክፍሉ ገባ። ሰዓቶቹ አንድ በአንድ ይቆሙ ጀመር፤ ማንም አልሞላቸውም። እናቱ ከወንበሯ ጠራችው፤ ሁለተኛም ጠራችው። በሩ አልተከፈተም። ጋዜጣ ገጹን ገለጠች፣ ሌላውንም ገለጠች፤ ድምፅዋ ሁለት ቦታ ላይ ተሰበረባት እንጂ አልቆመም። ስትጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ከበሩ አጠገብ ያለችው ልጅ ፊቷን በእጇ ሸፍና ነበር።

ጋዜጣ እናቷን ለማየት ስላልደፈረች ጡረተኛውን መምህር አየች። «ላድነው እችል ነበር» አለቻቸው። «ቀላል ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ አድኜውም አውቃለሁ። ግን የዳነው ሰውዬ እሱ አይደለም። ደስ የሚል ሰው ነው፣ ይስቃል፣ ይጣላል፤ ሌላ ሰው ነው። እሱን የማገኘው እዚህ ገጽ ላይ ብቻ ነው።» መምህሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አጎቷ ከፊት ከፊት ሄደ። በሩ ላይ ሲደርሱ ደኅና እደሩ ብሎ፣ እህቱን ሳይስማት፣ እንደ ተቀጣ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ጋዜጣ የእናቷን ጫማ ፈታችላት። ማሰሪያው ተወሳሰበባት።

እናቷ ከላይ ሆና፣ «ዘጠነኛውን ስታነቢልኝ የመጽሐፉን ቅጠል አልገለጥሽም» አለቻት።

ጋዜጣ ማሰሪያውን ለቀቀችው።

«ሌላውን ስታነቢ ትገልጫለሽ፤ እሰማለሁ። እዚያ ላይ ስንት አወራሽ፣ አንድ ቅጠል አልዞረም። ከዚያ ወዲህም ጭራሽ መግለጥ ትተሻል። ልጄ አፍ እንጂ ጆሮ አልፈጠረላትም አልኩ። ታዲያ እዚያ ቅጠል ላይ ምን ቢኖር ነው ብዬ ልሰማው መጣሁ።»

ጋዜጣ ይቅርታ ልትጠይቅ ጀመረች። እናቷ ተይው በሚል እጇን አወዛወዘች። ስለ ልጄ አሟሟት አዲስ ነገር አልሰማሁም አለች። ያን ቀን ፊቱን ልትዳብስ ስትል ታላቅ ወንድሟ ሁለት እጇን ይዞ ይቅርብሽ እንዳላት አወራች። «ልቡ የቆመበት ሰው ፊቱ አይዳበስም እንዴ?» አለች። «እጄን የያዘኝ ለት አወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ፣ እማ?»

«እናንተ ለኔ ብላችሁ ያን ያህል ተሸክማችሁ፣ ጣሉት ልበላችሁ?»

ጋዜጣ ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳለች ራሷን የእናቷ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ያን ጊዜ በቃ መሰላት። ከእንግዲህ በቤታቸው ስሙ በሙሉ አፍ ይጠራል፣ አብረው ያለቅሳሉ፣ ማታ ማታ የሞተ ሰው ማኖር ይቀርላታል። የእናቷ እጅ ፀጉሯን ሲደባብስ ቆየ። ከዚያ ከራሷ ላይ ተነሣና ወደ መደርደሪያው ተዘረጋ። የአዝራር ጣሳው ተንኳኳ።

«በይ አንብቢ» አለች እናቷ። «የት ላይ ነበርን? ሱቁን ወደ ትልቁ መንገድ ሊያዛውር ነበር።»

ጋዜጣ ቀና አለች። «አሁን ሰማሽው እኮ፣ እማ።»

«ሰማሁ። ያ የሁሉም ነው፤ ታትሟል። እግዜር ይስጥሽ፣ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሽዋል።» እናቷ አንድ አዝራር በጣቶቿ መሃል አሽከረከረች። «ይሄኛው የኔ ነው። እሱን ደግሞ አትቀሚኝ።»

ምን ትላለች? አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የዳነው እሱ አይደለም ያለችው እሷ ናት፤ እናቷም ሰምታዋለች፤ ሰምታውም ነው የምትጠይቃት። ጋዜጣ ተነሥታ ወንበሯን ሳበች። መጽሐፉን ጭኗ ላይ ገለጠችው፤ ብዙ ስለ ተገለጠ ራሱ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ተከፈተ። ዓይኗ ሥር በሩ እንደ ተዘጋ ነው።

«ሱቁን ያዛወረ ቀን» አለች፣ «ዝናብ ነበር። ሰዓቶቹን በሳጥን አድርጎ፣ ሳጥኑን በካፖርቱ ሸፍኖ፣ ራሱ በስብሶ ደረሰ።»

«አይ መካኒክ» አለች እናቷ ፈገግ ብላ። ቀጥላም፣ ጣቶቿ አዝራሩን ሳይለቁ፣ «ቅጠሉንም እየገለጥሽ» አለች።

ጋዜጣ ቅጠሉን ገለጠች።